ፊርማውን ተዉትና ደቂቃውን ንገሩኝ

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ኳስ ነው። «ደግሞ ሴት ልጅ ስለ ኳስ ምን ታውቃለች?» የምትሉ ካላችሁ እዚችው ላይ በሰላም እንለያይ። የቀራችሁ ተከተሉኝ።

ነገሩ የተጀመረው ደብረ ማርቆስ፣ እናቴ ቤት፣ ቡና ላይ ነው። ሁለተኛው ሊቀዳ ሲል ጎረቤታችን እትዬ ገቡ። ፊታቸው ጠቁሯል። ስኒውን ተቀብለው ሳይጠጡት ያዙት። «አንች ጋዜጠኛ አይደለሽ? እስቲ ንገሪኝ፤ ልጄ አውሮፓ ሊሄድ ነበር» አሉ። ልብ በሉ፤ «ነበር» ነው ያሉት።

ልጁን ከእምቡቅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ግራ እግሩን እንደ እጁ የሚያዝበት፣ ሦስት ሰው አልፎ አራተኛውን ቆሞ የሚጠብቅ የሰፈራችን ጉድ ነው። 17 ዓመቱ ነው። አንድ «የተጫዋቾች ወኪል ነኝ» የሚል ሰው በስልክ ያገኘዋል። «አውሮፓ ሙከራ አግኝቼልሃለሁ፤ ለግብዣ ደብዳቤውና ለቪዛው ማስጨረሻ ብቻ ክፈል» ይለዋል። ገጠር ያሉት አጎቱ ጥማድ በሬያቸውን ሸጡ። ገንዘቡ ተላከ። ስልኩ ተዘጋ። ታሪኩ ይኸው ነው።

ለከተማ ሰው ሁለት በሬ ሁለት በሬ ነው። ለጎጃም ገበሬ ግን ጥማዱ ከሄደ የዘንድሮ እርሻ ሄደ ማለት ነው። ወይ በሬ ትለምናለህ፣ ወይ መሬትህን ለእኩል ትሰጣለህ። አንድ የስልክ ጥሪ አንድ ቤተሰብን ከባለ በሬነት ወደ በሬ ለማኝነት አወረደው።

ልጁን ለብቻው ይዤው ወጣሁ። «ወንድሜ፣ እንዴት አመንከው?» አልኩት። ዝም ብሎ ስልኩን አወጣና አንድ ያስቀመጠውን ዜና አሳየኝ። «አንች ራስሽ ጽፈሽ የለ?» አለኝ።

እውነቱን ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ የስፖርት ክፍል በተለማማጅነት ስሠራ የጻፍኩት ዜና ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ ተጫዋች ወደ አውሮፓ ተሻግሮ መፈረሙን አብስሬ፣ «ታሪክ ሠራ» ብዬ፣ ማሊያውን ይዞ የተነሣውን ፎቶ ለጥፌ… ያላበሰርኩት አንድ ነገር አለ። ተጫዋቹ የውድድር ዘመኑ ሳያልቅ ክለቡን ለቆ ወጥቷል። እኔ አውቅ ነበር። አለቃዬም ያውቅ ነበር። ልጻፈው ስል «ተይው፣ ያ ዜና አልፎበታል» ተባልኩ፤ ተውኩት። የሰፈራችን ልጅ እጅ የቀረው እንግዲህ የታሪኩ ግማሽ ነው። ደላላው የነገደው በዚያ ግማሽ ነው። እኔም ግማሹን በነፃ አቅርቤለታለሁ።

ስለዚህ ዛሬ የምጣላው ከራሴ ሙያ ጋር ነው።

የፊርማ ጋዜጠኞች

የኢትዮጵያ ስፖርት ጋዜጠኛ ሦስት ግሶች አሉት፦ «ሊፈርም ነው»፣ «ለመፈረም ተቃርቧል»፣ «ፈረመ»። አራተኛው ግስ «ተጫወተ» የሚለው ነው፤ እሱን የሚጽፍ የለም። የማድሪድን ተቀያሪ የጉልበት ጉዳት ከነጅማቱ ስም የሚተነትን የኤፍኤም ጋዜጠኛ፣ ውጭ የሚጫወት ኢትዮጵያዊ ባለፈው ሳምንት ቋሚ ነበር ወይስ ወንበር ላይ ተብሎ ቢጠየቅ ማስታወቂያ ያስገባል።

የሚገርመው ደግሞ ቁጥር የማንወድ ሕዝብ አለመሆናችን ነው። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2004 ሄንግሎ ላይ 5 ሺህ ሜትርን በ12፡37.35 መግባቱን ከነመቶኛዋ የሚነግርህ ሰው በየሻይ ቤቱ አለ። በሩጫ የሰከንድ መቶኛ የምንቆጥር ሰዎች፣ በኳስ ዘጠና ደቂቃ መቁጠር አቃተን። ሩጫ ላይ «አውሮፓ ሄዶ ተመዘገበ» ብለን አንጨፍርም፤ ስንተኛ ወጣ ብለን ነው የምንጠይቀው። ኳስ ላይ ግን መመዝገቡ በቂያችን ነው።

እስቲ የምናውቃቸውን ስሞች በደቂቃ ሚዛን እናስቀምጣቸው።

ጌድዮን ዘላለም ትዝ ይላችኋል? ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በርሊን ተወልዶ አሜሪካ ሜሪላንድ ያደገ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2014፣ ገና 16 ዓመቱ ሳለ፣ በኤፍኤ ካፕ ከኮቨንትሪ ጋር ለአርሰናል ተቀይሮ ገባ። ቬንገር አሠልጣኝ ከሆኑ በኋላ ተወልዶ ለአርሰናል የተጫወተ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ፤ ክፍል ውስጥ አርሰናል የማይደግፈው ሁሉ ለአንድ ሳምንት አርሰናል ሆኖ ነበር። ከዚያስ? በውሰት ወደ ስኮትላንዱ ሬንጀርስ ሄደ፤ ለአሜሪካ ወጣት ቡድን ተሰለፈ፤ በ2017 ጉልበቱ ክፉኛ ተጎዳ፤ በ2019 ወደ አሜሪካ ሊግ ተመለሰ። ለአርሰናል በፕሪሚየር ሊጉ የተጫወተው ደቂቃ ዜሮ ነው። ይህን የምለው ልጁን ለማሳነስ አይደለም፤ 16 ዓመት ሳይሞላው ከእኛ ሜዳ እጅግ የራቀ ሥልጠና ያገኘ ልጅ እንኳ እዚያ በር ላይ ምን እንደገጠመው ለማሳየት ነው። እሱን ያላሳለፈ በር የሁለት በሬ ዋጋ የከፈለን ልጅ ያሳልፋል?

ጋቶች ፓኖም እ.ኤ.አ. በ2017 ከኢትዮጵያ ቡና ወደ ሩሲያው አንዢ ማካችካላ ሲሄድ አገር ተንጫጫ። መንጫጫቱ ተገቢ ነበር፤ ከአገር ውስጥ ሊግ በቀጥታ ወደ አውሮፓ መሄድ ተራ ነገር አይደለም። ግን አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ሳይሞላው ወደ አገሩ ተመለሰ። ለምን? ቋንቋው? ብርዱ? አሠልጣኙ? የአካል ብቃቱ? ጫጫታው በቆመበት ቦታ ነበር የጋዜጠኛው ሥራ መጀመር የነበረበት። የሱን መልስ በቅጡ ብንጽፈው ኖሮ ለሚቀጥለው ተጓዥ ካርታ በሆነ ነበር። እኛ ግን ቀጣዩን ፊርማ ፍለጋ ሄድን።

አሁን ደግሞ የማይጮኽለትን ሰው እናንሣ። ሽመልስ በቀለ ግብፅ ውስጥ፣ ፔትሮጄት ከዚያም ሌሎች ክለቦች ውስጥ፣ ለዓመታት ተጫውቷል። አንድ ወር ወይም አንድ ሙከራ አላልኩም፤ ዓመታት ነው ያልኩት። ውጤቱን ማየት የፈለገ ሰኔ 2014 ዓ.ም. ሊሎንግዌን ያስታውስ። ብሔራዊ ቡድናችን ግብፅን 2 ለ 0 ሲረታ የመጀመሪያውን ዳዋ ሆቴሳ፣ ሁለተኛውን ራሱ ሽመልስ አገባ። የግብፅ ተከላካዮችን በየሳምንቱ የሚያውቃቸው ሰው ነው ያገባባቸው። ያቺ ግብ ለዓመታት የተጠራቀመ ደቂቃ ናት። ሳላዲን ሰይድም በዋዲ ደግላ በኩል አልፎ፣ በውሰት የቤልጂየሙን ሊርስ ቀምሶ፣ እስከ አል አህሊ የደረሰው ደረጃ በደረጃ ነው። ዋዲ ደግላና ሊርስ ባለቤታቸው አንድ ሰው ነበር፤ መንገዱ የተከፈተውም በዚያ ነው። የሰፈራችን ልጅ ስለ ካይሮ ማንም ነግሮት አያውቅም። በሱ ካርታ ላይ ከማርቆስ ቀጥሎ ያለው ከተማ ማድሪድ ነው።

ከሁሉ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የሎዛ አበራ ነው። የዱራሜዋ ልጅ ስዊድንን ሞክራ፣ በ2019/20 የውድድር ዘመን ማልታ ገብታ ለቢርኪርካራ ስትጫወት የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነች። «የማልታ ሴቶች ሊግ ትንሽ ነው» በሉኝ፤ እቀበላለሁ፣ ትንሽ ነው። ግን አንድ ወንድ ልጃችን በየትኛውም የአውሮፓ አገር አንደኛ ሊግ ኮከብ ግብ አግቢ ቢሆን ኖሮ በሞተር ሳይክል ታጅቦ ከቦሌ እስከ መስቀል አደባባይ አይገባም ነበር? እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ዋሽንግተን ለሚገኘው ዲሲ ፓወር ፈረመች። እሱንም እንደ ልማዳችን «ፈረመች» ብለን ዘገብን። እስቲ በመጀመሪያ የውድድር ዘመኗ ስንት ደቂቃ እንደተጫወተች የሰፈራችሁን የኳስ ሊቅ ጠይቁት። ዝምታውን አዳምጡልኝ።

ከአሜሪካኖች እንማር (አዎ፣ በኳስ!)

አውቃለሁ፤ «አሜሪካና ኳስ» ሲባል ትስቃላችሁ። እኔም እስቅ ነበር። ግን በዚህ ነገር ቀድመውናል፤ የቀደሙንም ተዋርደው ተምረው ነው።

እነሱም የፊርማ በሽታ ነበረባቸው። ፍሬዲ አዱ የሚባል ጋና የተወለደ ልጅ ነበራቸው። በ2004 በ14 ዓመቱ ለዲሲ ዩናይትድ ሲጫወት «አዲሱ ፔሌ» ተባለ። ማስታወቂያ ሠራ፤ መጽሔት ላይ ወጣ። በ2007 ቤንፊካ ገዛው። ከዚያ ሞናኮ በውሰት፣ ቤሌኔንሴሽ በውሰት፣ ግሪክ በውሰት፣ ቱርክ በውሰት… ልጁ በየአገሩ ማሊያ ይዞ ፎቶ ተነሣ እንጂ አልተጫወተም። አሜሪካኖቹ ከዚያ ወዲህ ፎቶውን ሳይሆን ደቂቃውን ማየት ለመዱ። ዛሬ በየሳምንቱ መጨረሻ አውሮፓ ያሉ ልጆቻቸውን አንድ በአንድ ይዘረዝራሉ። ማን ቋሚ ገባ፣ ማን በ70ኛው ተቀየረ፣ ማን ስድስት ሳምንት ሙሉ ወንበር አሞቀ፤ ሁሉም ይጻፋል። ደጋፊው በነፃ ይጽፈዋል፤ ጋዜጠኛው ይተነትነዋል፤ የ15 ዓመቱ ልጅ ያነበዋል።

ልጁ አንብቦ ምን ያያል? ክርስቲያን ፑሊሲክ ዶርትሙንድ የገባው በ16 ዓመቱ መሆኑን ያያል። ያን ያህል ቀድሞ መግባት የቻለው ደግሞ በአያቱ በኩል የክሮኤሺያ ፓስፖርት ስላገኘ መሆኑንም ያያል። በ2021 ከቼልሲ ጋር ቻምፒዮንስ ሊግን ሲያነሣ በፍጻሜው ተቀይሮ መግባቱን፣ በ2023/24 ግን ሚላን ሄዶ በሴሪ አው 12 ግብ ማግባቱን ያያል። ዌስተን ማኬኒ ሻልከና ዩቬንቱስ ከመድረሱ በፊት በዳላስ ክለብ አካዳሚ ዓመታት መቆየቱን ያነባል። ሙሉው ታሪክ፣ ከነወንበሩ፣ ከነጉዳቱ፣ ከነፓስፖርቱ፣ እፊቱ ነው። እንዲህ ያነበበን ልጅ ደላላ በስልክ ሊያታልለው ይከብደዋል።

የእኛ ልጅ ግን የሚያውቀው ማሊያና ፎቶ ብቻ ነው።

ማንም ያልነገራቸው ሕግ

እትዬን ቡናው ላይ ልነግራቸው የሚገባኝ፣ ያልነገርኳቸው ነገር አለ። እዚህ ልጻፈው፤ የሚያነብላቸው አይጠፋም።

አንደኛ፣ የፊፋ ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከአገር አገር እንዲዛወር አይፈቅድም። ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉ፦ ወላጆቹ ከኳስ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት ወደዚያ አገር ከሄዱ፣ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከ16 ዓመት በኋላ፣ ጠረፍ ላይ ለሚኖሩ እና የመሳሰሉት። የማርቆስ ልጅ እነዚህ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ለ17 ዓመት ልጅ «አውሮፓ ክለብ አስፈርምሃለሁ» ያለ ሰው ገና አፉን ሲከፍት ዋሽቷል።

ሁለተኛ፣ የተጫዋች ወኪል የፊፋ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃዱ በፈተና የሚገኝ ነው፤ የባለፈቃዶቹም ዝርዝር ለሕዝብ ክፍት ነው። «ፈቃድህን አሳየኝ» ማለት ነውር አይደለም። በሬ ስንገዛ ጥርሱን አይተን አይደል?

ሦስተኛ፣ በእውነት የፈለገህ ክለብ ለሙከራ አያስከፍልህም።

አራተኛ፣ እንግሊዝን እርሷት። ከ2021 ወዲህ የውጭ ተጫዋች የሥራ ፈቃድ የሚያገኘው በዋናነት በነጥብ ነው። ለብሔራዊ ቡድን መጫወት ብዙ ነጥብ የሚያሰጠው አገሩ በፊፋ ደረጃ ከፍ ያለ ሲሆን ነው። እኛ የት እንዳለን አልነግራችሁም፤ ቡናው ይበላሻል።

እነዚህን አራት ነገሮች ለመናገር የአምስት ደቂቃ የሬዲዮ ሰዓት ይበቃል። ለዝውውር ወሬ የምናባክነው ስንት ሰዓት ነው?

«ልጆቹን ማሸማቀቅ አይሆንም?»

ይህን ሐሳብ ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ሳነሣ ወዲያው ተቃወመኝ። «ወንበር ላይ ያለን ልጅ በየሳምንቱ ዜሮ ደቂቃ ብለሽ ብትጽፊበት ሞራሉን ትገድያለሽ» አለኝ። ክርክሩ ባዶ አይደለም። በሰው አገር፣ ያለ ቋንቋ፣ ያለ እንጀራ፣ ብቻውን ያለ ልጅ ከአገሩ የሚጠብቀው ማበረታቻ ነው።

ግን ዝምታችን ልጁን ጠቅሞታል ወይ? አልጠቀመውም። ዝም ስንል ሰው የራሱን ምክንያት ይፈጥራል፤ «ናፍቆት አሸንፎት ነው»፣ «ሰነፍ ነው»፣ «ሐበሻ አይችልም»። አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን 29 ግብ አግብቶ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሄደ። ደቡብ አፍሪካ ላይ ጉዳት ብዙ ጊዜውን በላው። ጉዳቱን እየተከታተለ የነገረን ቢኖር ኖሮ «ጠፋ» የሚል ሐሜት አይሰማም ነበር። ደቂቃን ከነምክንያቱ መጻፍ ተጫዋቹን ከሐሜት ያድነዋል።

ደግሞም ደቂቃው ሲቆጠር ጥያቄው ከልጁ ትከሻ ወርዶ ወደ ባለቤቶቹ ይሄዳል። ለምንድን ነው ተጫዋቾቻችን የሚወጡት 23 እና 24 ዓመት ሲሞላቸው፣ ፑሊሲክ የገባበት ዕድሜ ካለፈ በኋላ? ባሕር ዳር ስታዲየም በመጋቢት 2013 ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ስናሸንፍ የነበረውን ግርግር አይተናል፤ ከዚያ በኋላ ግን ካፍ ከለከለውና በኅዳር 2014 ጋናን «በሜዳችን» ለመግጠም ጆሃንስበርግ ሄድን። በሜዳው የማይጫወት ቡድን ውስጥ ያለ ልጅን መልማዩ የት ያየዋል? የአቡበከር 29 ግቦች የተቆጠሩት ሊጉ በሱፐርስፖርት በቀጥታ መተላለፍ በጀመረበት ዓመት መሆኑ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ይመስላችኋል? ክለቦቻችንስ ደመወዙ ከቁጥጥር ወጥቶ በነሐሴ 2011 የ50 ሺህ ብር ጣሪያ ለማበጀት እስኪስማሙ ድረስ ያወጡት ገንዘብ ስንት የታዳጊ ሜዳ ያሠራ ነበር? ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በክልላችን ጦርነት ባዶ የቀሩ ሜዳዎች አሉ፤ እዚያ ሲጫወቱ የነበሩ ልጆች የት ናቸው? እነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ የሚነሡት አንድ ሰው «ስንት ደቂቃ ተጫወተ?» ብሎ ሲጀምር ነው። «ፈረመ» ብሎ ያጨበጨበ ሰው ጥያቄ የለውም።

እንግዲህ ምን ይሁን?

የምጠይቀው ውድ ነገር አይደለም። እያንዳንዱ የስፖርት ፕሮግራም፣ እያንዳንዱ ገጽ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ትንሽ ሠንጠረዥ ያውጣ፦ ስም፣ ክለብ፣ ደቂቃ፣ ምክንያት። ወንዶቹም ሴቶቹም አንድ ሠንጠረዥ ላይ። ካይሮም፣ ፕሪቶሪያም፣ ዋሽንግተንም እኩል። «ፈረመ» ብሎ የዘገበ ጋዜጠኛ የዚያ ልጅ ባለዕዳ ይሁን፤ ውሉ እስኪያልቅ ይከተለው። ሲመለስም ቦሌ ይጠብቀው፤ ሲሄድ የጠበቀው ብዛት ባይሆን እንኳ አንድ ሰው ማይክ ይዞ «ምን አየህ? ለተከታዩ ምን ትለዋለህ?» ይበለው።

ይህን ለሌላ ሰው ብቻ አልተውም፤ እዚሁ ገጽ ላይ እኔው እጀምረዋለሁ። የመጀመሪያው መስመር ላይም ያን አለቃዬ «አልፎበታል» ያለኝን ዜና ከነመጨረሻው እጽፈዋለሁ። የዘገየ እርማት ነው፤ በሬውንም አይመልስም።

ከማርቆስ በወጣሁበት ጠዋት ልጁን መንገድ ላይ አገኘሁት። ኳስ አልያዘም። የሰው በሬ ለመለመን ከአጎቱ ጋር ወደ ገጠር እየሄደ ነበር። «ትጫወታለህ ግን?» አልኩት። «ሰኔ ካለፈ በኋላ» አለኝ፤ ከእርሻው በኋላ ማለቱ ነው። 18 ዓመት የሚሞላው በመስከረም ነው።

ያኔ አንድ ሰው ቢደውልለት ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት አሁን ያውቃል። የሌላ ሰፈር ልጅ ግን ገና አያውቅም።

ቸር እንሰንብት።